ቡላው የተወነበት ፊልም

ኖርጅማ ለወንድሟ የክረምት ስጋ ይዛ ወደ ከተማ ስትሄድ ዘንድሮ ሃያ ሰባተኛ ዓመቷ ነው። ኅዳር ገብቶ የበረዶው ክረምታችን ሲጀምርና ብርዱ ስጋውን ድንጋይ ሲያደርገው አንድ ሙሉ በግ፣ የላም ታፋ፣ በበግ ጨጓራ የተቋጠረ ቅቤና አንድ ከረጢት የደረቀ እርጎ አውቶቡስ ላይ ታስጭንና አሥራ አራት ሰዓት ትጓዛለች። ወንድሟ ዳንዛን በሩን ይከፍታል፣ ጉንጯን ይስማል፣ ከረጢቱን ይቀበላል፤ «ከማን ነው?» ብሎ ግን አይጠይቅም። እሷም «አባባ አርደው ነው የላኩልህ» አትልም። ሁለቱም ያውቁታል። ሰውዬው የአባቱን በግ ሃያ ሰባት ክረምት እያጣጣመ በልቷል፤ የአባቱን ደጃፍ ግን ከዚያ ለበለጠ ዘመን አልረገጠም። እንግዲህ ይሄን ምን ትሉታላችሁ? እኔ ጎረቤታቸው ሆኜ ስንት ዘመን ሳስበው ስም አላገኘሁለትም።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አባታቸው ዜቬግ ሰማንያ ሦስት ዓመት ሞልቷቸዋል። በመስከረም የመጣው ሐኪም ደረታቸውን ሲያዳምጥ ቆየና ኖርጅማን ወደ ውጭ ጠርቶ፣ «የሚያምራቸውን ነገር አትከልክሏቸው» አላት። ገባት። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ደግሞ ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው መጡና በዕድሜያቸው አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ አፍ አውጥተው ጠየቁ።

«ለነጭ ወር ይመጣ እንደሆነ ጠይቂው። ካልፈለገ ግን አታስጨንቂው፣ ተይው።»

ነጭ ወር አዲስ ዓመታችን ነው። ልጅ የአባቱን ክንዶች በሁለት እጁ ከስር ደግፎ ሰላም የሚልበት ቀን ነው፤ የተጣላም ቢሆን፣ የትም ቢርቅ፣ ያን ቀን ይመጣል። ዳንዛን ግን ሠላሳ አምስት ነጭ ወር ቀርቷል። ኖርጅማ አውቶቡሱ ውስጥ በረዶ የጋገረውን መስኮት በጥፍሯ እየፋቀች፣ «ዘንድሮ አንገቱን አንቄም ቢሆን አመጣዋለሁ» ብላ ለራሷ ማለች። ሐኪሙ የተናገረው ከጆሮዋ አልወጣ ብሏታል። ከዘንድሮ ቀጥሎ ሌላ ነጭ ወር ለሽማግሌው መኖሩን ማንም አያውቅም።

ጠቡ በፈረስ የመጣ ነው። ሌላው ሰው በመሬት ይጣላ ይሆናል፤ እኛ ሰፊ መሬት አለን፣ የምንጣላው በፈረስ ነው።

ልጆች ሳሉ፣ በሞቃቱ ወራት፣ ድንኳናቸው ከወንዙ በላይ ካለው ጉብታ ስር ይተከል ነበር። ጠዋት ውርንጭሎቹ መሬት ላይ በተወጠረው ረጅም ገመድ በተርታ ይታሰራሉ፤ እናቶቻቸው ባዝራዎቹ እየዞሩ ያሽካካሉ። እናቷ ባዝራ ስታልብ የኖርጅማ ሥራ ውርንጭላውን ከእናቱ ጎን አቁማ መያዝ ነበር፤ ውርንጭላዋን ያላሸተተች ባዝራ ወተት አትለቅም። ክረምት ደግሞ እጇ በብርድ ሲደነዝዝ ከፈረስ ጋማ ስር ትሸጉጠዋለች። «ከዚያ ቦታ የሚሞቅ ምድጃ እስከዛሬ አላየሁም» ትላለች፣ አሁን ሃምሳ ዓመቷ። ከሁሉ ከሁሉ የምትናፍቀው ግን ጎህ ሲቀድ የነበረውን ነው። መሬት ላይ ተኝታ፣ ጆሮዋ ምንጣፉ ላይ እንዳለ፣ መንጋው ከሩቅ ሲመጣ ገና ሳይታይ ከመሬቱ ውስጥ ይሰማታል። «ጋሼ መጣ» ትላለች ዓይኗን ሳትገልጥ። ዳንዛን በስድስት ዓመቱ መንጋ ይነዳ ነበርና።

እኛ ለፈረስ ስም አናወጣም። ቀለሙ ስሙ ነው። ዳማው፣ አምባላዩ፣ ጉራቻው፣ ቦቃው፤ ሰው ሁሉ በዚህ ይግባባል። የዳንዛን ፈረስ ቡላው ነበር። ገላው የደረቀ ሣር የመሰለ፣ ጋማውና ጭራው ጥቁር፣ ጥቁር መስመር ከጋማው እስከ ጭራው የወረደበት። በሰባት ዓመቱ ዳንዛን በእሱ ላይ ተቀምጦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለውድድር ወጣ። ልጆቹ ከመነሳታቸው በፊት እየዘፈኑ ይዞራሉ፣ ልማድ ነው፤ ዳንዛንም ዘፍኖ ሦስት ጊዜ ወደ ግራ ዞረና ሄደ፤ ከሁለት መቶ ፈረስ ሦስተኛ ወጣ። ቡላው ይሄን እንደ ሕግ ያዘው! ከዚያ ወዲያ ውሃ ሊያመጡበት እንኳ ቢነሱ ሦስት ጊዜ ወደ ግራ ሳይዞር ንቅንቅ አይልም። ስንቱ ጎረቤት ሳቀ መሰላችሁ! «የዜቬግ ልጅ፣ ውሃ ልትቀዳ ነው ወይስ ልትወዳደር?» እንለው ነበር። ዳንዛንም ደረቱን ነፍቶ፣ «ሁለቱንም!» ይለናል።

ዳንዛን አሥራ ሁለት፣ ኖርጅማ ዘጠኝ ዓመታቸው ሳለ፣ በግንቦት፣ ሁለት የጭነት መኪናዎች ወንዙን ተሻግረው መጡ። ፊልም ሊያነሱ ነው ተባለ። ከመኪናው አስቀድሞ የወረደው ረጅም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣውን ገልብጦ የደፋ ሰው ነበር። ጎንቺግ ይባላል፤ ተዋናይ ነው። ሰውን ሁሉ፣ የወረዳውን ሹም ሳይቀር፣ «አንተ» ይላል፤ ፈረስን ግን «እርስዎ» ነው የሚለው። ቡላው ፊት ሄዶ ባርኔጣውን አወለቀና፣ «እንደምን አደሩ? ሣሩስ ተስማማዎት?» ሲለው ኖርጅማ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ከድንኳኑ ኋላ ሮጠች።

ዳንዛን አልሳቀም። «ይሄ ሰውዬ ጤነኛ አይደለም» አለ።

«ጤነኛ ባይሆንም ፈረስ ያውቃል» አሉት አባቱ።

ለተዋናዩ ረጋ ያለ ፈረስ ተፈለገና ቡላው ተመረጠ። ዜቬግ የራሳቸውን ኮርቻ፣ አራት የብር ጌጥ የተመታበትን፣ ጭነው ሰጡ። ከክረምት የወጣ ፈረስ ስለሆነ ጎድን ጎድኑ ይታይ ነበር። «እስከ መስከረም ይመለሳል» አሉ የፊልም ሰዎቹ። ዳንዛን የፈረሱን አንገት አቅፎ የሆነ ነገር በጆሮው ነገረው፤ ምን እንዳለው እስከዛሬ ለማንም አልተናገረም።

በመስከረም አንድ መኪና መጣ። ኮርቻውን አወረደ። ማሰሪያው ተበጥሷል፣ ፈረስ የለም። ሹፌሩ ዜቬግን ወደ ዳር ወስዶ አንድ ነገር ነገራቸውና ሄደ። ሽማግሌው፣ ያኔ ሽማግሌ አልነበሩም፣ ኮርቻውን አንስተው ገቡ፤ ዳንዛን ስለ ፈረሱ በጠየቃቸው ቁጥር «ቆይ» ይሉት ነበር።

በክረምቱ አጋማሽ ተንቀሳቃሹ ሲኒማ በመኪና ወረዳችን ደረሰ። እኛም ያው ለፊልም የማንሄድበት ርቀት የለንም፤ ሰው ከየተራራው ስር ግመል ላይ ሳይቀር ተቀምጦ መጥቶ አዳራሹን ሞላው። ዜቬግ ከመንጋው ጋር ስለነበሩ አልመጡም። ሸራው ላይ ጎንቺግ እየጋለበ ታየ፣ ጠላት ተኮሰ፣ ፈረሱ ከነሰውዬው ከገደል አፋፍ ቁልቁል ሄደ። ዳንዛን ከመቀመጫው ተነስቶ፣ «ቡላዬ!» ብሎ የጮኸው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነበር። ስሙ ቀለሙ የሆነን ፈረስ ቀለም በሌለበት ሸራ ላይ በምን ትለየዋለህ? ዳማውም ግራጫ ነው፣ ቡላውም ግራጫ ነው። ኮርቻው ግን አራቱ የብር ጌጦች እያብረቀረቁ ወለል ብሎ ታየ። እኛ ዘንድ ደግሞ የሰው ኮርቻ አንስቶ ሌላ ፈረስ ላይ የሚጭን ሰው የለም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ኮርቻው ያ ከሆነ ፈረሱም ያው ነው። ዳንዛን ይሄን አመነ። አዳራሹ ውስጥ የነበርነው ሁላችንም ይሄንኑ አመንን።

ልጁ በዚያ ብርድ ቤቱ ድረስ ሮጦ ገባ፤ ኖርጅማ እያለከለከች ተከተለችው።

«ቡላዬን ገደሉት!» አለ።

«አልሞተም» አሉ አባቱ። «ተዋናዩ ፈረሱን ወደደው። 'እሱም ለመደኝ፣ እኔም ለመድኩት፣ ይተውልኝ' ብሎ በሹፌሩ ላከብኝ። ሰጠሁት።»

«የኔን ፈረስ?»

«ያንተን ፈረስ። አንተ አዳሪ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው፣ ማን ይጋልበዋል ብዬ ነው። ሳልጠይቅህ ማድረጌ ጥፋት ነው፤ አጥፍቻለሁ። ግን አልሞተም።»

«ውሸትዎን ነው! ኮርቻዎን አይቻለሁ! ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ!»

«ኮርቻውን ለሌላ ጭነውት ይሆናላ።»

«ማን ነው የሰው ኮርቻ ለሌላ ፈረስ የሚጭን? ማን?»

 እውነትም፣ ማን ነው? ዜቬግ ፊልሙን አላዩት፣ ከዚያም በኋላ ሊያዩት አልፈለጉም። ዳንዛን አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ፣ ለእረፍት ሲመጣ አባቱን በ«አዎ»ና በ«አይ» ብቻ ያናግር ጀመር። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ወታደር ሆኖ ሄደ፤ በዚያው ከተማ ቀረና የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ሹፌር ሆነ። ያ ፈረሰኛ ልጅ ዳግመኛ እርካብ አልረገጠም።

ኖርጅማስ? ኖርጅማ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የዚያው አዳራሽ ቲኬት ቆራጭ ሆነች። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያው አለች፤ ቲኬት ትቆርጣለች፣ ምድጃ ታነዳለች፣ ወንበር ትደረድራለች። ወንድሟ ለጠላው ተዋናይ ደግሞ ነፍሷን ትሰጣለች፣ ምን ይደረግ! ጎንቺግ ከዚያ የጦርነት ፊልም በኋላ ጉድ ማፍላት ጀመረ። አንዱ ላይ ሰባት ወንድማማቾችን ራሱ ተወነ፤ እናታቸውንም ራሱ ነው። ሌላው ላይ አንድ ሰው የስልክ እንጨት ላይ ይወጣና አልወርድም ይላል፤ ፊልሙ በሙሉ እንጨቱ ላይ ነው፤ ምግብ በገመድ ይላክለታል፣ ያገባል፣ ልጁ ከታች ሆኖ ያድጋል። ሌላው ደግሞ አንድ ሰው ሊያስነጥሰው ፈልጎ የማያስነጥሰው ነው። አንድ ሰዓት ተኩል! አዳራሹ መጀመሪያ አርባ ሰው ነበረው፣ መሀል ላይ አሥራ አንድ፣ መጨረሻ ላይ ኖርጅማና ምድጃው። «አሁን ያስነጥሰዋል፣ አሁን ያስነጥሰዋል እያልኩ እኔው አስነጠሰኝ» ትላለች እስከዛሬ እየሳቀች።

ሥራ በጀመረችበት ዓመት ደፈር ብላ ደብዳቤ ጻፈችለት። «ከአባቴ ከዜቬግ የወሰዱት ቡላ ፈረስ ምን ሆነ? እውነቱን ይንገሩኝ» አለችው። መልስ መጣ። ፖስታው ውስጥ አንድ ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ በጥቁር ቀለም የታተመ የፈረስ ኮቴ። አንድ ፊደል የለም። ኖርጅማ ተናደደች። «በሰው ሐዘን ይቀልዳል እንዴ!» አለችና ወረቀቱን አጣጥፋ ምድጃ ውስጥ ወረወረችው። ፊልሞቹን ግን ማየት አልተወችም።

ባለፈው ሰኔ ደግሞ አባቷን እግራቸው ስር ተቀምጣ ለመነቻቸው። ዳንዛን ለዓመታት የሚለው አንድ ነገር ነበርና፤ «'ሞቷል፣ ዋሸሁህ' ይበሉኝ፣ በዚያው ቀን እመጣለሁ» ይላል። «እንዲያው ሞቷል ይበሉት አባባ። አንድ ቃል ናት፣ ምን ይጎዳዎታል?» አለቻቸው። ሽማግሌው ግን፣ «ያልሞተ ፈረስ ሞተ አልልም» አሉ። እሷም በሆዷ፣ «እልኸኛ! አባትና ልጅ አንድ ዓይነት!» አለች።

እንግዲህ በዚህ ኅዳር ከተማ ስትደርስ ጎንቺግ ከሞተ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ሳምንቱን ሙሉ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ፊልሞቹን ያሳያል። የዳንዛን ሚስት ሐንድማ ሳቅ የምትወድ፣ ድምፅዋ ደረጃው ድረስ የሚሰማ ሴት ናት። ሁለቱ ሴቶች ሻይ ይዘው ተቀመጡ። ሰባቱ ወንድማማቾች ለአንድ ቦት ጫማ ሲጣሉ ዳንዛን ከሥራ ገባ።

«ያንን እብድ አጥፉልኝ» አለ።

«ሞቷል እኮ ጋሼ። የሞተ ሰው ላይ ደግሞ ምን ቂም አለ?» አለችው ኖርጅማ።

«ፈረስ ገድሏል።»

«ቆይ፣ ቤቱ የኔም አይደለም እንዴ?» አለች ሐንድማ። «አንተ አትይ። ፊትህን ወደ ግድግዳ አድርግ።»

እውነትም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በሦስተኛው ቀን ኖርጅማ ወኔዋን አሰባስባ የመጣችበትን ተናገረች።

«ጋሼ፣ ለነጭ ወር ትመጣ እንደሆነ አባባ ጠይቂው ብለውኛል።»

«አንቺ፣ ስጋሽን አምጥተሻል፣ እናመሰግናለን። ሌላ ነገር አታምጪብኝ።»

«ሐኪሙ የሚያምራቸውን አትከልክሏቸው ብሏል። የሚያምራቸው አንተ ነህ፣ ሌላ ምንም አይደለም።»

ዳንዛን እጁ ላይ ያለውን ጽዋ አስቀመጠ። «እንግዲህ እውነቱን ይናገሩ። ስንት ዓመት ነው የጠበቅሁት? ልጅ ስለነበርኩ ያታለሉኝ ይመስላቸዋል። አሁን ልጅ አይደለሁም። ሞቷል ይበሉ፤ ክንዳቸውን ልደግፍ እሄዳለሁ» አለና ሊያጨስ ደረጃው ላይ ወጣ። ኖርጅማ ያን ቀን ሐንድማ ትከሻ ላይ አለቀሰች። ሁለት እልኸኛ መሀል የተወለደች ሰው ሌላ ምን ታደርጋለች?

እሁድ የመጨረሻው ቀን ነበር። ቴሌቪዥን ላይ የምታቀርበው ልጅ፣ ይሄ ፊልም ለሕዝብ ታይቶ እንደማያውቅ፣ ያኔ አለቆቹ አይተው «ምን ማለት ነው?» ብለው እንደከለከሉት፣ ሟቹ ቤቱ አልጋ ስር እንዳቆየው ተናገረች። የተነሳበትን ዓመትም ጠራች። ከጦርነቱ ፊልም ዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ዳንዛን ወጥ ቤት ሆኖ ሊጥ ይዳምጣል፤ ያንኑ የአባቱን በግ በሊጥ ሊጠቀልል ነው። በሩን ዘግቶታል።

ፊልሙ ባለቀለም ነው። አንድ ሰው የሚሄድበትን ላለማየት፣ የመጣበትን ብቻ ለማየት ይምልና ፈረስ ላይ ወደ ኋላ ዞሮ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ የሚያናግረው የፈረሱን ጭራ ነው፤ ያውም በ«እርስዎ»። ሐንድማ ገና ከመጀመሪያው በሳቅ ፈረሰች። ጎንቺግ በተገለበጠ ባርኔጣው ብቅ አለ፣ ፈረሱን ሳበ፣ ተቀመጠ።

ፈረሱ ቡላ ነው። ጋማው ጥቁር። ጥቁሩ መስመር ከጋማው ጭራው ድረስ ወርዷል። ኖርጅማ፣ «ቡላ ስንት አለ» አለች በሆዷ። ጎንቺግ፣ «እንሂድ፣ ጌታዬ» አለው ጭራውን። ፈረሱ አልሄደም። ወደ ግራ ዞረ። አንዴ። ጎንቺግ ባርኔጣውን ያዘ። ሁለቴ። ሦስቴ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ሄደ። «እሺ፣ ሦስት ጊዜ ከሆነ ሦስት ጊዜ ነው፤ እኔ ማን ነኝና!» አለ ጎንቺግ። ፈረሱ ጎኑን ሲሰጥ ግራ ጭኑ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰው የባለቤቱ ማኅተም ታየ፤ ግማሽ ጨረቃ፣ ከስሯ አንድ ሰረዝ። የዜቬግ ማኅተም።

ሐንድማ ትስቃለች። ኖርጅማ ወደ ቴሌቪዥኑ ጎንበስ አለች። መጀመሪያ የመጣባት፣ ማመን ትችላላችሁ፣ ደስታ አይደለም። ያ ኮቴ ነው። ያ ወረቀት ላይ የታተመ ኮቴ ቀልድ አልነበረም፤ እብዱ ሰውዬ ደብዳቤውን ለፈረሱ አሳይቶ ፈረሱን ራሱን ነው ያስፈረመው! እሷ ግን አቃጠለችው። ከዚያ አባቷ መጡባት። እግራቸው ስር ቁጭ ብላ «ዋሹልኝ» ያለቻቸው እውነት የተናገሩትን ሰው ነው። ቀጥሎ ዳንዛን መጣባት፣ ይሄኔ ፈራች። ይሄን ያየ ሰው አርባ አንድ ዓመቱን ምን ያደርገዋል? ልትጠራው አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። ልታጠፋውም አሰበች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለአፍታ አሰበች።

«ሐንድማ! ያንን ሳቅሽን ቀንሺ፣ ጎረቤት አለ!» እያለ ዳንዛን በሩን ገፋ። እጁ እስከ ክርኑ ዱቄት ነው። «የት አለ ማጥፊያው?»

ማጥፊያው ሶፋው ላይ ነበር። ኖርጅማ ተቀመጠችበት።

«ተነሺ።»

«አልነሳም።»

«አንቺ ልጅ፣ ተነሺ እላለሁ!»

«ጋሼ፣ ዞር በል» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። «ዛሬ እንኳ ወደ ግድግዳ አትዙርና አንዴ ቴሌቪዥኑን እይ። ከዚያ በኋላ ካልክ አጠፋዋለሁ።»

በቁጣ ዞረ። ጎንቺግ ወንዝ ዳር ወርዶ፣ ውሃ አጠጥቶ፣ እንደገና ወደ ኋላ ተቀምጧል። ቡላው ወደ ግራ መዞር ጀመረ። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ።

 ዳንዛን ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ፣ ዱቄቱ ልብሱ ላይ እየረገፈ። ሐንድማ ሳቋን አቋርጣ አንዴ ባሏን አንዴ ኖርጅማን አየች። ፊልሙ እስኪያልቅ ሦስቱም እዚያው ሆነው አዩ። ጎንቺግ ፈረሱ በራሱ ፈቃድ ይዞት የገባበት ቦታ ደርሶ፣ ዘወር ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ሲያይ፣ ዳንዛን እያነባ ነበር።

«እዚህ ስንት ዓመቱ ነው?» አለ።

«አሥራ ስድስት።»

«ዓይኑ ዙሪያ ሸብቷል» አለ። ደግሞም፣ «ታዲያ ያ የወደቀው የማን ነበር?»

«የሌላ ልጅ ይሆናላ» አለች ኖርጅማ።

ዳንዛን ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ዱቄትና እንባ ተለወሰ። «ነግረውኝ ነበር። አጥፍቻለሁ እንኳ ብለውኝ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር እሺ፣ ሃያ ሲሞላኝስ? አርባ ሲሞላኝስ? ምን ሆኜ ነው?»

«እኔም አላመንኳቸውም ጋሼ። አብሬያቸው እየኖርኩ፣ ሻያቸውን እየቀዳሁ፣ አንድ ቀን አላመንኳቸውም። አንተ እንኳ ፊት ለፊት ነው የነገርካቸው።»

ሐንድማ ተነስታ ሄደች፣ የኖርጅማን ስልክ አምጥታ ጭኗ ላይ አኖረችላት። ሽማግሌው ቁጥሩ ትልልቅ የሆነ ስልክ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነው የሚውሉት። ኖርጅማ ደወለችና ሳታናግር ለወንድሟ ሰጠችው። ዳንዛን እንደ ትኩስ ድስት ያዘው።

«ኖርጅማ ነሽ? ስጋው ደህና ደረሰ?» አሉ ዜቬግ። ከኋላቸው ውሻ ይጮኻል።

«እኔ ነኝ አባባ።»

«ማን?»

«ዳንዛን።»

ስልኩ ውስጥ የውሻው ጩኸት ብቻ ቀረ። ዳንዛን የተቋረጠ መስሎት ከጆሮው አንስቶ አየው፣ መለሰው።

«አባባ፣ ቡላውን አየሁት። ፊልም ላይ። በሕይወት አለ... በሕይወት ነበረ። እርስዎ እንዳሉት ነው። እኔ ነኝ...» አለና አቃተው።

ኖርጅማ፣ አሁን «ነግሬህ አልነበር?» ይላሉ ብላ ጠበቀች። ይገባቸዋል፣ ቢሉም ማንም አይፈርድባቸውም። ሽማግሌው ግን፣

«ወፍሮ ነበር?» አሉ።

ዳንዛን ዓይኑን ጨፈነ። «ወፍሯል አባባ። ጀርባው ላይ ውሃ ቢፈስ ተኝቶ ይቀር ነበር።»

«እሰይ» አሉ። «እሰይ። ስሰጠው ከስቶ ነበር። እኔም እኮ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ይመግበው ይሆን፣ ይከሳ ይሆን እያልኩ...»

«መጥቼ እነግርዎታለሁ። ከጆሮው እስከ ጭራው አንድ ሳላስቀር እነግርዎታለሁ። ነጭ ወርን አልጠብቅም አባባ፤ ነገ በሚነሳው አውቶቡስ ከኖርጅማ ጋር እመጣለሁ።»

«ቶሎ ና ታዲያ» አሉ ዜቬግ።